ከማዳበሪያ ከረጢት ወደ ጫማ ካርቶን፦ የተከማቸ የኳስ ካርድ እንዴት ይደራጃል

ታላቅ እህቴ ጅዳ በሠራችባቸው ዓመታት፣ ወደ ደሴ በምትልከው ሻንጣ ውስጥ የኳስ ካርድ፣ የተጫዋቾች ፎቶ የታተመበት፣ ጠፍቶ አያውቅም። የአሠሪዎቿ ልጆች ሲሰለቻቸው የሚጥሉትን እየለቀመች፣ እንዳይተጣጠፍ ካልሲ ውስጥ ከታ ትልክልኛለች። መጀመሪያ ኳስ ብቻ ነበር፤ ቆይቶ ፖክሞንና ዩጊዮ የሚባሉ የጨዋታ ካርዶች ተጨመሩ። እኔም ከሰፈር ልጆች ጋር እየተቀያየርኩ አበዛሁት። ከጊዜ በኋላ መቁጠሩን ተውኩት።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከተማውን ለቀን ስንወጣ ካርዱ ቤት ቀረ። ስንመለስ ሳጥኖቹ ተገልብጠው፣ ካርዱ ከተደፋ ሽንብራ ጋር ተደባልቆ ወለሉን ሞልቶት አገኘሁት። ጠርጌ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከተትኩት፤ ማዳበሪያውም አንድ ዓመት ሙሉ አልጋ ሥር ተኛ። ከዚህ በታች የምጽፈው ያንን ማዳበሪያ እንዴት እንደፈታሁት ነው። ክምራችሁ አምስት መቶም ይሁን አሥር ሺህ አካሄዱ አንድ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ወስኑ፦ ካርዱ የሚደራጀው ለማን ነው? እኔ የወሰንኩት፣ ቤት በሌለሁበት ሰዓት ሌላ ሰው አንድ ካርድ ፈልጎ አውጥቶ እዚያው ቦታው መመለስ እንዲችል ነው። እኔ ብቻ የማውቀው ቅደም ተከተል አንዴ ሲገለበጥ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ።

ምን ያስፈልጋል

ብዙ ወጪ የለውም። አራት ወይም አምስት የጫማ ካርቶን፣ ነጭ አንሶላ፣ ስፌድ፣ እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ ባለ 50 ሉክ ደብተር። ለመለያያ የሚሆን ወፍራም ወረቀት ከማተሚያ ቤት ይገኛል፤ የሠርግ ጥሪ ካርድ ሲቆረጥ የሚተርፈውን ቁራጭ ፒያሳ አካባቢ ጠይቄ በነጻ ነው የወሰድኩት። ጥር ሊገባ ሲል ከሄዳችሁ ቁራጩ በሽበሽ ነው።

የማያስፈልገውን ደግሞ አጥብቄ ልናገር። ላስቲክ አታስሩበት፤ ጠርዙን ይሰረጉደዋል፣ ሲያረጅ ደግሞ ቀልጦ ይጣበቅበታል። ስኮች አይነካውም። ተጣባቂ ገጽ ያለው የድሮ ፎቶ አልበም ውስጥ አታስገቡ፤ ሲወጣ ጀርባው ተልጦ ነው የሚወጣው። ከሁሉ የከፋው ላሚኔሽን ነው። አንድ ጎረቤቴ ‹እንዳይበላሽብኝ› ብሎ ሠላሳ ያህል ምርጥ ካርዶቹን ላሚኔት አስደረጋቸው። በሙቀት የተጣበቀ ፕላስቲክ ተመልሶ አይላቀቅም። ዛሬ ካርዶቹ እንደ መታወቂያ ያብረቀርቃሉ፤ አንዱንም ግን የሚቀይረው ሰው አላገኘም።

ካርድ የሚገባበት የፕላስቲክ ኪስ ስትገዙ አሽትቱት። እንደ አዲስ የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ የሚሸት፣ ለስለስ ያለ ፕላስቲክ ፒቪሲ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ካርዱን ያወዛዋል። ሽታ የሌለው፣ ሲነኩት ኮሽ ኮሽ የሚለው ፖሊፕሮፒሊን ይሻላል።

በሚዛን ቁጠሩት

አራት ሺህ ካርድ አንድ በአንድ የሚቆጥር ሰው ትዕግሥቱን እዚያው ይጨርሳል። እኔ መቶ ካርድ ቆጥሬ ጎረቤት ሱቅ ይዤ ሄድኩና ስኳር በሚመዘንበት ዲጂታል ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ 180 ግራም ገደማ ሆነ። ከካርዱ ጋር የተደባለቀው ስቲከር (አልበም ላይ የሚለጠፈው) ቀጭን ስለሆነ ቀድሜ ነጥዬው ነበር። የቀረው ክምር ሽንብራው ተለቅሞ ሲመዘን 7 ኪሎ ከ700 ሆነ፤ ለ1.8 ግራም ሲካፈል ወደ 4,300 ካርድ። ባለሱቁ ‹ኪሎውን ስንት ትሸጥልኛለህ?› ብሎ ስቆብኛል።

ቁጥሩ የሚያስፈልገው ቦታ ለማዘጋጀት ነው። አብዛኛው የኳስና የፖክሞን ካርድ 63 በ88 ሚሊ ሜትር ነው። ኪስ ያልለበሰ መቶ ካርድ ሲደረደር ከ3 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የጫማ ካርቶን ካርዱ ቀጥ ብሎ ሲቆም በጎን ሁለት ረድፍ ይይዛል፤ ጠቅጥቀው ከሞሉት 1,800 ያህል ይገባል። እናንተ ግን 1,500 ላይ አቁሙ። ጣት የማይገባበት ሳጥን ውስጥ ካርድ ሲጎተት ጥጉ ይታጠፋል። ስለዚህ ለ4,300 ሦስት ሳጥን፣ ለደብል (ለተደጋገመ ካርድ) ደግሞ አንድ ተጨማሪ።

የመጀመሪያው ክፍፍል፦ ሳያነቡ መለየት

አንሶላውን መሬት ላይ አንጥፉ። እጃችሁን ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ፤ ቅቤ የነካ እጅ ሳይታወቅ አሻራውን ይተዋል። ጫት የያዘ ጓደኛ ካለ ወሬውን ያውራ እንጂ ካርድ አይንካ፤ ቅጠሉ እርጥብ ነው። ቡና ሲፈላ ሁሉንም አቁሙ።

አቧራውን በደረቅ ጥጥ ወይም በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ። እርጥብ ጨርቅ አይሞከርም፤ ካርድ ሲባል ዞሮ ዞሮ ወረቀት ነው።

አሁን አራት ክምር ብቻ ሥሩ፦ የኳስ ካርድ፣ ፖክሞን፣ ዩጊዮ፣ ስቲከር። የዩጊዮ ካርድ 59 በ86 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር ሲደባለቅ በዓይን ባይታይም በጣት ይታወቃል፤ ክምሩን ጠረጴዛ ላይ ጠጋ ጠጋ ስታደርጉት ገባ ብሎ የሚቀረው እሱ ነው። ስቲከርም ከሁሉ ያንሳል።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚሰናከልበት ነገር አለ። ካርድ አንስቶ ‹ውይ ሮናልዲኒሆ!› ማለት ከተጀመረ ቀኑ በዚያው ያልቃል። ስፌዱ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ዓይናችሁን የሳበውን ሁሉ ሳታነቡ ስፌዱ ላይ ጣሉት፤ ማታ ቁጭ ብላችሁ ታዩታላችሁ። የእህቴ ልጅ ሊያግዘኝ መጥቶ ግማሹን ክምር ስፌዱ ላይ አከማችቶት ነበር፤ እሱም ቢሆን ሥራ ነው፣ ቢያንስ አልቆመም።

ሁለተኛው ክፍፍል፦ ስብስብና ዓመት

እያንዳንዱ ካርድ የወጣበት ስብስብ አለው። ኳስ ላይ የአሳታሚው ስምና የውድድሩ ዘመን፣ ፖክሞን ላይ ትንሽ ምልክት፣ ዩጊዮ ላይ ከሥዕሉ ሥር በስተቀኝ በፊደል የሚጀምር ኮድ ፈልጉ። ዓመቱ በደቃቅ ጽሑፍ ከካርዱ ግርጌ ወይም ከጀርባው ይገኛል፤ ዓይን ካልያዘው የስልክ ካሜራ አጉልቶ ያሳያል።

ዓመቱን ካርዱ ላይ እንዳለ ጻፉ፣ ወደ እኛ አቆጣጠር አትመልሱት። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት አንዱን ሳጥን ‹2010› ብዬ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፍኩበት፤ የሩሲያውን የ2018 የዓለም ዋንጫ ማለቴ ነበር። ከወር በኋላ ያንኑ ጽሑፍ አይቼ የደቡብ አፍሪካውን የ2010 ዋንጫ ካርድ እዚያ ከተትኩበት። ሁለት ቀን አስለቅሞኛል። የሊግ ውድድር ደግሞ ሁለት ዓመት ስለሚነካ ‹2018-19› ተብሎ ሙሉው ይጻፍ።

አሥር ካርድ ያልሞላ ስብስብ የራሱ ቦታ አያስፈልገውም። እንደነዚህ ያሉትን ሁሉ ‹ልዩ ልዩ› በሚል አንድ መለያያ ሥር ሰብስቡ፤ ሲበዙ ይወጣሉ።

ሦስተኛው፦ በቁጥር መደርደር

ሥራው ያለው እዚህ ነው።

ብዙ ሰው በተጫዋች ስም ወይም በክለብ መደርደር ይቀናዋል። እኔም በክለብ ጀምሬ ተውኩት። ተጫዋች ክለብ ይቀይራል፤ ሳላህ በሮማ ማሊያም በሊቨርፑል ማሊያም አለኝ፣ የቱ ጋ ይቀመጥ? በስም እንደርድር ካላችሁ ደግሞ በእኛ ፊደል ‹ሀ› ላይ ይሁን ‹ሐ› ላይ ወይስ ‹ኀ› ላይ ብላችሁ ትጨቃጨቃላችሁ። ካርዱ ላይ የታተመው ቁጥር ግን አከራካሪ አይደለም፤ ላቲን ፊደል ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ይከተለዋል።

ቁጥሩ የሚገኝበት ቦታ ይለያያል። የኳስ ካርድ ላይ ብዙ ጊዜ ከጀርባ ወይም ከፊት ጥግ ላይ ነው። ፖክሞን ላይ ከግርጌ፣ ‹4/102› ዓይነት ሆኖ ይጻፋል፤ ስብስቡ 102 ካርድ አለው፣ ይህ አራተኛው ነው ማለት ነው። የፊተኛው ቁጥር ከኋለኛው ከበለጠ ስህተት እንዳይመስላችሁ፤ ከመደበኛው ዝርዝር ውጭ የተጨመረ ብርቅ ካርድ ነው፣ ወደ ጎን አስቀምጡት። ፓኒኒ የሚባለው አሳታሚ የሚያወጣው የዓለም ዋንጫ ስቲከር በ2018 ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተራ ቁጥር የሚሄድ 682 ስቲከር ነበረው። በ2022 ግን 670 ሆኖ፣ አብዛኛው በአገር ፊደልና እስከ 20 በሚደርስ ቁጥር ተከፋፈለ። ስለዚህ የ2018ቱን በተራ ቁጥር፣ የ2022ቱን መጀመሪያ በአገር፣ ከዚያ በቁጥር ደርድሩ።

አሁን አንድ ስብስብ ውሰዱ፣ አራት መቶ ካርድ ያለው ይሁን። አንድ ካርድ አንስቶ ቦታውን መፈለግ፣ ሌላ አንስቶ ደግሞ መፈለግ ቀን ይበላል። እንዲህ አድርጉ፦

1. አንሶላው ላይ አምስት ቦታ አስቡ፦ ከ1 እስከ 99፣ መቶዎቹ፣ ሁለት መቶዎቹ፣ ሦስት መቶዎቹ፣ አራት መቶዎቹ። እያንዳንዱን ካርድ የመቶ ቤቱን ብቻ እያያችሁ ጣሉ። 237 ሆነ 291፣ ሁለት መቶ ላይ ነው።

2. የመጀመሪያውን ክምር ብቻ አስቀሩ፤ ሌሎቹን ሳትነኩ ወደ ግድግዳው ግፏቸው። ያስቀራችሁትን በአሥር ቤቱ ክፈሉት፦ አንድ አሃዞቹ፣ አሥራዎቹ፣ ሃያዎቹ፣ ሠላሳዎቹ እያለ እስከ ዘጠናዎቹ። አሥር ትንንሽ ክምር ይወጣል። እኔ ሁለት ረድፍ አምስት አምስት አደርጋቸዋለሁ፤ ዓይን ሲለምደው እጅ ራሱ ይሄዳል።

3. አንዱን ትንሽ ክምር አንሱ። ደብል ከሌለው ከአሥር ካርድ አይበልጥም። እንደ ካርታ ጨዋታ እጃችሁ ላይ ዘርግታችሁ ከትንሽ ወደ ትልቅ አስተካክሉት፤ በፊቱ ገልብጣችሁ ሳጥኑ አጠገብ አኑሩት። ቀጣዩን በላዩ ላይ ገልብጡት። አሥሩ ሲያልቅ መልሳችሁ ብትገለብጡት ከ1 እስከ 99 በቅደም ተከተሉ ነው።

4. ወደ ቀጣዩ መቶ።

በዚህ መንገድ አንድ ካርድ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው እጅ የሚገባው። አንድ ሺህ ካርድ በአንድ እሑድ ከሰዓት ይጠናቀቃል፤ አጋዥ ካለ ምሽቱም ይተርፋል። ሥራው መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ችግር የለም፤ ክምሩ ባለበት ይቆያል። ሕፃን ወይም ዶሮ ቤት ከገባ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በሩን ዝጉ።

ደብል

እየደረደራችሁ ሳለ ተመሳሳይ ቁጥር ይመጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን መስኮት አጠገብ አዘንብላችሁ እዩ። ጥጉ ያልነጣ፣ ፊቱ ያልተጫረው ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ሌላው ወደ ደብል ሳጥን። ደብሉንም በቁጥር ደርድሩት፣ አለበለዚያ ለልውውጥ ስትወጡ የያዛችሁትን አታውቁትም። አንድ ዓይነት ካርድ ከአራት በላይ ካላችሁ የተረፈውን ለሰፈር ልጆች አድሉ፤ ነገ የጎደላችሁን ቁጥር ይዞ የሚመጣው ከእነሱ አንዱ ነው።

ስፌዱ ላይ የቀሩት

ማታ ስፌዱን አንሱ። ፖክሞን ላይ ከቁጥሩ አጠገብ ያለው ምልክት ያግዛችኋል፦ ክብ ከሆነ ተራ፣ አልማዝ ከሆነ መካከለኛ፣ ኮከብ ከሆነ ብርቅ ነው። ብርቅ የሆነውንና የሚያብረቀርቀውን ለየብቻ ኪስ አልብሳችሁ ዘጠኝ ኪስ ባለው የክላሰር ገጽ አስገቡ። ለአራት ሺህ ካርድ ሁሉ ኪስ መግዛት ግን ገንዘብ መጣል ነው።

ሐሰተኛ ካርድ ብዙ ነው። የፖክሞን ካርድ ወረቀት ተደራርቦ የተሠራ ስለሆነ ጠርዙን በጎን ስታዩት መሃሉ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር አለው፤ አብዛኛው ሐሰተኛ መስመሩም የለውም፣ ለኃይለኛ ብርሃን ሲያነሱትም ያሳልፋል። ከእኔ ክምር ስልሳ ያህሉ ሐሰተኛ ሆነ። አልጣልኳቸውም፤ የእህቴ ልጅ ይጫወትባቸዋል። ዋጋ ስትጠይቁ ደግሞ ሻጭ የሚለውን ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበትን እዩ። ያልተሸጠ ካርድ ላይ ማንም የፈለገውን ሚሊዮን መጻፍ ይችላል።

መለያያና ክር

ከማተሚያ ቤት ያመጣችሁትን ወረቀት በ63 ሚሊ ሜትር ወርድና በ10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ቁረጡ፤ ከካርዱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ብቅ ይላል። ጫፉ ላይ የስብስቡን ስም፣ ዓመቱን፣ ከስንት እስከ ስንት እንደሚሄድ በእርሳስ ጻፉ። እስክርቢቶ ወደ ካርዱ ይሻገራል። በየሃምሳው ቁጥር አንድ መለያያ ይበቃል።

እናቴ ላቲን አታነብም፣ ቁጥር ግን ታነባለች። ስለዚህ ከልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ ክር ለምኜ የየስብስቡን የመጀመሪያ መለያያ በስቼ አሰርኩበት፦ ለዓለም ዋንጫ ቀይ፣ ለእንግሊዝ ሊግ ሰማያዊ፣ ለፖክሞን ቢጫ፣ ለዩጊዮ አረንጓዴ። ክሩ ከሳጥኑ ውጭ ትንሽ ይንጠለጠል።

የት ይቀመጥ

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ክረምት ሲገባ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ቤት ድረስ ይዘልቃል። ካርድ እርጥበት ሲጠጣ ይጠማዘዛል፤ የሚያብረቀርቀው ደግሞ አንድ ጎኑ እንደ ፎይል ስለሆነ ከሁሉ በፊት ይጎብጣል። ኮምቦልቻ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፣ ግን ዝቅ ያለችና ሞቃት ናት። እዚያ ወዳለው ዘመዴ ቤት ሁለት ሳምንት የወሰድኳቸው ፎይል ካርዶች በአንድ በኩል ጎብጠው፣ ደሴ ሲመለሱ በሌላ በኩል ጎበጡ። ስለዚህ ካርድ አታመላልሱ።

ሳጥኑ ከመሬት በጣውላ ከፍ ይበል፣ ከጭቃ ግድግዳም አንድ ክንድ ይራቅ፤ ግድግዳው ክረምቱን ሙሉ ይተነፍሳል። ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ ቀን ይጋግራል ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ አይሆንም። ከወጥ ቤትና ከዕጣን ማጨሻ የራቀ፣ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ምረጡ። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኟትን፣ ትንንሽ ጠጠር የያዘች ከረጢት አትጣሏት፤ ሳጥኑ ውስጥ ጣል አድርጓት፣ እርጥበት ትስባለች። ሩዝ አቧራ ስላለው አይተካትም። ናፍታሊንም አታድርጉ፤ ፕላስቲኩን ያበላሻል። ለአይጥ መድኃኒቱ ክዳን በጥብቅ የሚዘጋ የፕላስቲክ ሳጥን ወይም ድመት ነው።

ደብተሩ

ሁሉንም ካርድ የሚጽፍ ሰው ሁለተኛው ገጽ ላይ ይደክማል። ግማሽ ያልሞላ ስብስብ ከሆነ ያላችሁን ቁጥር ጻፉ፤ ከግማሽ በላይ ከሆነ የጎደላችሁን ብቻ። የ2018ቱ ስቲከሬ 41 ብቻ ነው የጎደለው፤ ገጹ ሦስት መስመር አልሞላም፣ ሲገኝም ይሰረዛል። ለየት ያሉትን ካርዶች ዘጠኝ ዘጠኝ አድርጋችሁ ፊቱንም ጀርባውንም በስልክ አንሱ፤ ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። ስልክም ይጠፋል፣ ሳጥንም ይገለበጣል። በ2014 ዓ.ም. ከተማውን ስንለቅ ይህ ቢኖረኝ ምን እንደጠፋብኝ ዛሬ አውቅ ነበር።

ለልውውጥ ስትወጡ ደብሉንና የጎደለውን ዝርዝር ብቻ ያዙ። ዋናው ሳጥን ከቤት አይወጣም፣ የቅርብ ጓደኛ ቢለምንም። ይዛችሁ የምትመጡትን አዲስ ካርድ በዚያው ዕለት ሳጥን ውስጥ አትወትፉት። በር አጠገብ ‹መግቢያ› የምትባል ትንሽ የብስኩት ካርቶን አለችኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ የመጣው ሁሉ እሷ ውስጥ ይጠራቀማል። እሑድ ሰላሳ ደቂቃ ቁጭ ብዬ ወደየቦታው እመልሳለሁ፣ ደብተሩ ላይም እሰርዛለሁ።

ባለፈው ወር ኮምቦልቻ ሆኜ አንድ ልጅ የ2018ቱን 212 አለኝ ብሎ በ340 ሊቀይረኝ ጠየቀ። 340 ደብል ይኑረኝ አይኑረኝ ትዝ አላለኝም። ደወልኩላት።

‹እማዬ፣ የደብሉን ሳጥን ክፈችልኝ። ቀይ ክር ያለበት ጋ...›

‹አብሽር ልጄ፣ ቀዩን ይዤዋለሁ። ስንት ቁጥር አልከኝ?›

‹ሦስት መቶ አርባ።›

ወረቀት ሲንሿሿ ሰማሁ። ‹ሁለት አለ› አለችኝ፤ ‹አንደኛው ግን ጥጉ ተቀዷል፣ እሱን ስጠው።›